ኤስኤስ-100-ኤክስ (የፕሬዝዳንት መኪና)

ኤስኤስ-100-ኤክስ የአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች ከ1953 እስከ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1977) የተጠቀሙበት፣ በልዩ ትእዛዝ ተቆርጦና ረዝሞ የተሠራ የሊንከን ኮንቲኔንታል መኪና ነው። ስያሜው የፋብሪካ ስም ሳይሆን፣ ሴክሬት ሰርቪስ የተባለው የፕሬዝዳንቱ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሰጠው መለያ ኮድ ነው። ፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963) በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ በጥይት የተመቱት በዚህ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ መኪናው ከዚያ ቀን በኋላ ከአገልግሎት አለመውጣቱን ነው። ታጥቆ፣ ቋሚ ጣሪያና ብረት ለብሶ፣ ቀለሙም ተቀይሮ ለተጨማሪ ዓመታት አራት ፕሬዝዳንቶችን አመላልሷል። መጀመሪያ የተደረጉለት ለውጦች አብዛኞቹ ሕዝቡ ፕሬዝዳንቱን በደንብ እንዲያይ የታሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ግን ዋናው ሐሳብ ጥይት እንዳያገኛቸው ማድረግ ነበር። በአሁኑ ጊዜ በሚሺጋን ግዛት ዲርቦርን ከተማ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይገኛል።

መነሻው መኪና

መኪናው የተሠራበት መነሻ የ1961 ሞዴል ባለ አራት በር ክፍት ሊንከን ኮንቲኔንታል ነው። በዚያን ጊዜ በፎርድ ኩባንያ ሥር ያለው የሊንከን ክፍል ኪሣራ ላይ ነበር። ከ1958 እስከ 1960 (እ.ኤ.አ.) የወጡት ሊንከኖች እጅግ ግዙፍና በጌጥ የተጨናነቁ ስለነበሩ ገበያው አልወደዳቸውም። ኤልውድ ኤንግል የተባለው የፎርድ ነዳፊ ለተንደርበርድ መኪና ያዘጋጀው አንድ ንድፍ ነበር፤ በጊዜው ከኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ሮበርት ማክናማራ ይህን ንድፍ አይተው በአራት በር ተዘርግቶ ሊንከን እንዲሆን አደረጉ። ማክናማራ ብዙም ሳይቆዩ የኬኔዲ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነዋል።

አዲሱ መኪና ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ጌጡ የቀነሰና ከቀዳሚዎቹ ያጠረ ነበር። የኋላ በሮቹ ማጠፊያ ከኋላ በኩል ስለሆነ የፊትና የኋላ በሮች እንደ ቁም ሳጥን መዝጊያ ከመሐል ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይከፈታሉ። የጨርቅ ጣሪያው በኤሌክትሪክና በዘይት ግፊት ኃይል ተጣጥፎ ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰወራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ አራት በር ያለው ክፍት መኪና ብርቅ ነበር። አብዛኞቹ ክፍት መኪኖች ሁለት በር ብቻ ስለነበራቸው ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ መግባት ነበረበት። ለአገር መሪ ሰልፍ ይህ አይመችም፤ ሊንከኑ በዋይት ሐውስ ከተፈለገበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው።

ለፕሬዝዳንቱ የሚሆነው መኪና በጥር 1953 ዓ.ም. ገደማ በሚሺጋን ዊክሰም ከተማ በሚገኘው የሊንከን መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተሠራ። እዚያ ሲወጣ ከሌሎቹ ኮንቲኔንታሎች የሚለይ አልነበረም። በገበያ ዋጋው ከ7 ሺህ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ሲሆን፣ ሰባት ሊትር መጠን ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

በሲንሲናቲ የተደረገለት ለውጥ

መኪናው ከፋብሪካው ወደ ኦሃዮ ግዛት ሲንሲናቲ ከተማ፣ ሄስ እና አይዘንሃርት ወደተባለ የመኪና አካል ሠሪ ድርጅት ተላከ። ድርጅቱ በአስራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴየርስ እና ስኮቪል በሚል ስም ሠረገላ በመሥራት የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ በሙያው የታወቀው በአስከሬን መጓጓዣ መኪናዎችና በአምቡላንሶች ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት መመረጡ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት ነበረው። የአስከሬን መኪና መሥራት ማለት ከፋብሪካ የወጣን መኪና ከመሐል ቆርጦ ማርዘምና ጭነቱን እንዲሸከም ማጠናከር ማለት ነው፤ ለፕሬዝዳንቱም የተፈለገው ይኸው ሙያ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ትልልቅ የአሜሪካ መኪኖች አካላቸው የሚቀመጥበት ራሱን የቻለ ወፍራም ሻንሲ ሲኖራቸው፣ የ1961 ኮንቲኔንታል ግን አካሉና ሻንሲው አንድ ላይ የተበየደ ነው። በዚህ ዓይነቱ መኪና ጥንካሬው ከወለሉ፣ ከጎኑና ከጣሪያው ላሜራ በአንድነት ይመጣል። ክፍት ሲሆን የጣሪያው ድርሻ ይጎድላል። ከዚያ ደግሞ ከመሐል ሲቆረጥ የቀረውም ይዳከማል፤ ካልተጠናከረ መኪናው ጭነት ሲበዛበት መሐሉ ይጎብጣል፣ በሮቹም አይገጥሙም። ስለዚህ ሠራተኞቹ መኪናውን ለሁለት ከከፈሉት በኋላ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ አካል መሐሉ ላይ ጨምረው ወለሉንና የጎን ማገሮቹን በተጨማሪ ብረት አጠናከሩ። ከፋብሪካ ሲወጣ 2,400 ኪሎ ግራም አካባቢ የነበረው ክብደት ወደ 3,500 ኪሎ ግራም ከፍ አለ።

በተጨመረው ቦታ ላይ በፊትና በኋላ ወንበሮች መካከል ሁለት ታጣፊ ወንበሮች ተተከሉ። የኋላው ወንበር ደግሞ በዘይት ግፊት ኃይል 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይችል ነበር፤ ዓላማው ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው ፕሬዝዳንቱን ከፊት ከተቀመጡት ሰዎች በላይ እንዲያያቸው ነው። ፕሬዝዳንቱ ቆመው ለሕዝብ እጅ ማውለብለብ ሲፈልጉ የሚይዙት እጀታ ከፊታቸው ተገጠመ። የሌሊት ሰልፍ ሲኖር የሚበሩ መብራቶች ነበሩ። ከፊት በግራና በቀኝ የባንዲራ ማቆሚያ፣ ከውስጥ ሁለት የሬዲዮ ስልኮች፣ በበሮቹ ኪስ ውስጥ ደግሞ የፕሬዝዳንቱ ማኅተም የተጠለፈባቸው ብርድ ልብሶች ነበሩ። ቀለሙ ጥቁር ሊመስል የደረሰ ጥልቅ ሰማያዊ ነበር።

ለጠባቂዎች የታሰበው ጥቂት ነው። በጎን በኩል ተጎትተው የሚወጡ መቆሚያ ደረጃዎች ነበሩ። ከኋላ ደግሞ በመከላከያው በኩል ሁለት መቆሚያዎች፣ በዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ላይ ሁለት መያዣ እጀታዎች ተገጠሙ። ይህ ሁሉ ሲሆን በመኪናው አካል ላይ ጥይት የሚከላከል ብረትም ሆነ መስታወት አልነበረም።

ጣሪያውን በተመለከተ መኪናው በርካታ ተለዋዋጭ ክፍሎች ነበሩት። ከብረትና ከግልጽ ፕላስቲክ የተሠሩት እነዚህ ክፍሎች ሲፈቱ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ይቀመጣሉ። አሜሪካውያን «አረፋ ጣሪያ» ይሉት የነበረው ግልጹ ሽፋን ሕዝቡ በዝናብም ቢሆን ፕሬዝዳንቱን እንዲያይ ታስቦ የተሠራ ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር በ1954 (እ.ኤ.አ.) በራሳቸው ክፍት ሊንከን ላይ ተመሳሳይ ሽፋን አስገጥመው ነበር። ብዙዎች በኋላ እንዳሰቡት ጥይት የሚመልስ ግን አልነበረም።

ለውጡ ወደ 200 ሺህ ዶላር ፈጅቷል፤ ይህም ከመኪናው የገበያ ዋጋ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም መንግሥት መኪናውን አልገዛውም። ባለቤትነቱ የፎርድ ኩባንያ ሆኖ ሴክሬት ሰርቪስ በዓመት 500 ዶላር እየከፈለ ይከራየው ነበር። ኩባንያው ከኪራዩ የሚያገኘው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም፣ ሊንከን የሚለው ስም በየጋዜጣው ፎቶግራፍ ላይ ከፕሬዝዳንቱ ጋር መታየቱ በማስታወቂያ የማይገዛ ጥቅም ነበረው። መኪናው በሰኔ 1953 ዓ.ም. ዋይት ሐውስ ደረሰ። በኋላም አዲስ እንዲመስል የፊት ፍርግርጉ በ1962 ሞዴል ፍርግርግ ተቀይሯል።

በኬኔዲ ዘመን

ኬኔዲ በክፍት መኪና መሄድ ይወዱ ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ጣሪያው እንዲነሳ ይመርጡ ነበር። መኪናው ፕሬዝዳንቱ በሚሄዱበት ከተማ ሁሉ ቀድሞ እንዲደርስ በወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ይጫን ነበር። በጁን 1963 (እ.ኤ.አ.) በርሊንን ሲጎበኙ ከከተማው ከንቲባ ቪሊ ብራንትና ከምዕራብ ጀርመን ቻንስለር ኮንራድ አደናወር ጋር ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩት በክፍት ሊንከን ላይ ነው።

ዋሽንግተንን የሚጎበኙ የአገር መሪዎችም ከፕሬዝዳንቱ ጋር በክፍት ሊንከን በሕዝብ መካከል ማለፋቸው የአቀባበሉ ሥርዓት አካል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1963) በባቡር ዋሽንግተን ሲገቡ ኬኔዲና ባለቤታቸው ጃክሊን በዩኒየን ባቡር ጣቢያ ተቀበሏቸው። ጃክሊን ከሁለት ወር በፊት የተወለደው ልጃቸው ፓትሪክ ስለሞተባቸው ገና ሐዘን ላይ ነበሩ። ከጣቢያው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱና ፕሬዝዳንቱ በክፍት መኪና ሆነው መንገድ ዳር ለተሰለፈው ሕዝብ ሰላምታ እየሰጡ በከተማው አልፈዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ከተማ ከሻርል ደ ጎልና ከሌሎች መሪዎች ጋር የኬኔዲን አስከሬን በእግራቸው ተከትለው ሄደዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ በኬኔዲ ስም ይጠራል።

ዳላስ

ኬኔዲ በኅዳር 1956 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት የፖለቲካ ጉብኝት ላይ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ስላለ፣ በግዛቲቱ ያለውን የፓርቲያቸውን ክፍፍል ማርገብና በተቻለ መጠን በብዙ ሕዝብ ፊት መታየት ይፈልጉ ነበር። በዕለቱ ጠዋት ፎርት ዎርዝ ላይ ዝናብ ነበር። ስለ ጣሪያው ቀድሞ የተሰጠው መመሪያ ሰማዩ ከጠራ ፕላስቲኩ እንዲነሳ የሚል ነው። ፕሬዝዳንቱ ዳላስ ሲያርፉ ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ግልጹ ጣሪያ ከዕቃ ማስቀመጫው ሳይወጣ ቀረ።

ከፊት ሾፌሩ ዊሊያም ግሪርና በስተቀኙ የጥበቃው ኃላፊ ሮይ ኬለርማን ተቀመጡ። በመሐለኛው ታጣፊ ወንበሮች በቀኝ የቴክሳስ አስተዳዳሪ ጆን ኮናሊ፣ በግራ ባለቤታቸው ኔሊ ነበሩ። ከኋላ በቀኝ ኬኔዲ፣ በግራ ጃክሊን ነበሩ። ጠባቂው ክሊንት ሂል በመንገድ ላይ ሕዝቡ ሲጠጋ አልፎ አልፎ ከኋላ ባለው መቆሚያ ላይ ወጣ ይልና ተመልሶ ወደ ተከታዩ መኪና ይሄድ ነበር። ተኩሱ ሲጀመር ግን በመቆሚያዎቹ ላይ ማንም አልነበረም።

ሰልፉ ዲሊ ፕላዛ የተባለው አደባባይ ሲደርስ ከሂውስተን ጎዳና ወደ ኤልም ጎዳና መታጠፍ ነበረበት። መታጠፊያው ከቀጥታ ማዕዘን በላይ የሚጠመዘዝ ነው። ለረዘመና ለከበደ መኪና ይህ ማለት ፍጥነትን በጣም መቀነስ ነው። ሁኔታውን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን ተኩሱ በነበረበት ጊዜ መኪናው በአማካይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ እንደነበር አስልቷል፤ ይህ የሮጠ ሰው ሊደርስበት የሚችል ፍጥነት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ 6:30 ነበር። ኮሚሽኑ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ከአንድ የመማሪያ መጻሕፍት ማከማቻ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ፣ ከኋላ በኩል ሦስት ጊዜ እንደተኮሰ ደምድሟል።

የመጀመሪያው ድምፅ እንደተሰማ ክሊንት ሂል ከተከታዩ መኪና ወርዶ ሮጠ። ጃክሊን በኋለኛው ክዳን ላይ ወጥተው ነበር። ሂል በክዳኑ ላይ ያለውን እጀታ ያዘ፤ መኪናው ፍጥነት መጨመር ሲጀምር እግሩ አንድ ጊዜ ቢያንሸራትተውም መቆሚያው ላይ ወጥቶ ጃክሊንን ወደ ወንበራቸው መለሳቸው። አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ የከተማው ነዋሪ በ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ የቀረጸው 26 ሰከንድ ገደማ የሚረዝም ፊልም ይህን ሁሉ ያሳያል። ከሲንሲናቲ ሠራተኞች ሥራ መካከል በዚያች ቅጽበት ለጠባቂ የረዱት እነዚያ መያዣና መቆሚያ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የደረሰው ከደረሰ በኋላ ነው።

ፕላስቲኩ ጣሪያ ቢኖር ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይነሳል። ኮሚሽኑ ሽፋኑ ጥይት የማይከላከል መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። የፀሐይ ነጸብራቁ የተኳሹን ዓላማ ያዛባ ነበር የሚሉ ቢኖሩም ይህ ከግምት አያልፍም።

መኪናው እንደ ማስረጃ

መኪናው ኬኔዲን ወደ ፓርክላንድ ሆስፒታል ካደረሰ በኋላ ጠባቂዎቹ የቀረውን ጣሪያ ገጠሙበት፤ ይህን ያደረጉት ሰዉ ውስጡን እንዳያይ ነው። በዚያው ቀን ተመልሶ በአውሮፕላን ተጭኖ ማታ ዋሽንግተን አጠገብ አንድሩስ የጦር አየር ማረፊያ ደረሰና ወደ ዋይት ሐውስ ጋራዥ ተወሰደ። ሌሊቱን ሴክሬት ሰርቪስና ኤፍቢአይ መረመሩት። ከፊት ወንበር አካባቢ ሁለት ትልልቅ የጥይት ስብርባሪዎች ተገኙ። የፊት መስታወቱ ተሰንጥቆ በውስጥ በኩል የእርሳስ ቅሪት ነበረበት፤ ከመስታወቱ በላይ ያለው የብረት ጠርዝም ሰርጎዷል። መስታወቱ ተነቅሎ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀመጠ።

በኋላ በተነሳው ረጅም ክርክር የመኪናው የወንበር አቀማመጥ ትልቅ ቦታ ይዟል። ኮሚሽኑ አንዲት ጥይት ኬኔዲን አልፋ ኮናሊንም መትታለች ብሎ ሲደመድም፣ ተቃዋሚዎች ጥይቷ በአየር ላይ መታጠፍ ነበረባት ብለው ተሳለቁ። ሥዕሎቻቸው ሁለቱን ሰዎች በአንድ ከፍታና አንዱን በቀጥታ ከሌላው ፊት ያስቀምጣሉ። የኮናሊ ታጣፊ ወንበር ግን ከኋላው ወንበር ዝቅ ያለና ወደ መኪናው መሐል ገባ ያለ ነበር። ይህ ልዩነት በሥዕሉ ላይ ሲገባ የጥይቷ መንገድ በጣም ይቃናል። በንድፍ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር በአገር ደረጃ የክርክር ማዕከል መሆኑ ይገርማል።

እንደገና መሠራቱ

በዲሴምበር 1963 (እ.ኤ.አ.) መኪናውን ጥሎ በሌላ መተካት ወይስ ማስተካከል የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። ለፕሬዝዳንት ሰልፍ የሚሆን አዲስ የታጠቀ መኪና ቀርጾ ለመሥራት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አዲሱ ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን ደግሞ ወዲያው መኪና ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ያው መኪና ወደ ሲንሲናቲ ተመልሶ ወደ ሄስ እና አይዘንሃርት ገባ። በሥራው ላይ ከሴክሬት ሰርቪስና ከፎርድ ሌላ የጦር ሠራዊቱ የቁሳቁስ ምርምር ባለሙያዎችና ፒትስበርግ ፕሌት ግላስ የተባለው የመስታወት ኩባንያ ተሳትፈዋል።

ክፍት መኪናው ለዘለቄታው ተዘጋ። ጥይት የማይበሳው ወፍራም መስታወት ያለበት ቋሚ ጣሪያ ተተከለበት፤ በጎኖቹና ከኋላ ወንበር ጀርባ የታይታኒየም ትጥቅ ገባ። የነዳጅ ታንከሩ እንዳይፈነዳ ተደርጎ ተሠራ። ጎማዎቹ ቢበሱም መኪናው እንዲሄድ ከውስጣቸው ደጋፊ ቀለበት ተገጠመ። ክብደቱ ከ4,400 ኪሎ ግራም በላይ ስለደረሰ ሞተሩ በእጅ ተገጣጥሞ 350 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ ተደረገ። ፍሬኑና የጎማ ተሸካሚዎቹም ከክብደቱ ጋር እንዲመጣጠኑ ተጠናከሩ።

ያልተጠበቀው ችግር ሙቀቱ ነበር። በዚያ ሁሉ መስታወት የተከበበ ሰው በፀሐይ ጊዜ እንደ ፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ እንዳለ ችግኝ ይግላል፤ መስኮቶቹም በክብደታቸው ምክንያት አይከፈቱም። ስለዚህ ተጨማሪ የአየር ማቀዝቀዣ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተገጠመ። ወጪው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ይህም ከመጀመሪያው ለውጥ ወጪ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሥራው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ተጠናቆ መኪናው ተፈትኖ ወደ ዋይት ሐውስ ተመለሰ።

መጀመሪያ የተቀባው ሰማያዊው ቀለም ነበር። ጆንሰን ግን ያ ቀለም ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ከዳላስ ጋር ነው ብለው ጥቁር እንዲቀባ አዘዙ። መኪናውን ለሕዝብ ጥቁር ያደረገው ይኸው ትእዛዝ ነው።

እንደገና ወደ መታየት

ጥበቃው የተሟላለት መኪና ፖለቲከኞቹን አላስደሰተም። በመስታወት ውስጥ ያለ ሰው ድምፁ አይሰማም፣ እጅም አይጨብጥም። ጆንሰን ሕዝብ መንካት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ ቢያንስ አንድ መስኮት እንዲወርድ ጠየቁ። በ1967 (እ.ኤ.አ.) መኪናው ዳግም ጋራዥ ሲገባ በስተቀኝ ያለው የኋላ መስኮት እንዲከፈት ተደረገ። ሪቻርድ ኒክሰን ደግሞ በሰልፍ ላይ ቆመው ለሕዝቡ እጅ ማውለብለብ እንዲችሉ በጣሪያው ላይ የሚከፈት መውጫ አስደረጉ። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ጣሪያ በዚህ ተከፈተ። ከሴክሬት ሰርቪስ ፍላጎት ይልቅ የፕሬዝዳንቶቹ ፍላጎት እንዳሸነፈ መገመት አያዳግትም።

ይህ ጉዳይ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በ1914 (እ.ኤ.አ.) የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ የተገደሉት ሾፌራቸው መንገድ ስቶ ሲቆም በክፍት ግሬፍ እና ሽቲፍት መኪና ላይ ሆነው ነው፤ ያ መኪና አሁን በቪየና የጦር ታሪክ ሙዚየም አለ። በ1981 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በክፍት ፊያት ላይ ቆመው ሳሉ ተመትተው ተረፉ፤ ከዚያ በኋላ ነው በመስታወት የተከበበው የጳጳሱ መኪና የተለመደው።

በኒክሰን ዘመን አዳዲስ የታጠቁ ሊንከኖች ሲመጡ ኤስኤስ-100-ኤክስ ተጠባባቂ ሆነ። ያም ሆኖ ጄራልድ ፎርድና ጂሚ ካርተርም እስከተጠቀሙበት ጊዜ ድረስ ከአገልግሎት አልወጣም። በ1977 (እ.ኤ.አ.) ወደ ባለቤቱ ወደ ፎርድ ኩባንያ ተመለሰ።

በሙዚየም

ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መኪናው በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ከሌሎች የፕሬዝዳንት መኪኖች ጋር ተሰልፎ ይታያል። ከጎኑ የፍራንክሊን ሩዝቬልት ክፍት ሊንከን፣ ግልጽ ጣሪያ ያለው የአይዘንሃወር ሊንከንና በ1981 ሮናልድ ሬገን በተመቱ ጊዜ ወደ ሆስፒታል የወሰዳቸው የ1972 ሊንከን አሉ።

የሚጎበኙት ሰዎች ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባሉ። የሚጠብቁት በፊልሙ ያዩትን ሰማያዊ ክፍት መኪና ነው፤ የሚያገኙት ግን ጣሪያ ያለው ጥቁር መኪና ነው። የኋላ ወንበሩም ያ ዕለት የነበረው ወንበር አይደለም። ሙዚየሙ ወደ ቀድሞ መልኩ አልመለሰውም፤ ከፕሬዝዳንት ቤት ሲወጣ እንደነበረ ነው ያቆየው።

ከቀድሞው መኪና የተለዩ ክፍሎች ደግሞ በየቦታው ይገኛሉ። መስታወቱ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። በዕለቱ ፊትና ኋላ የነበሩት ጂጂ 300 የሚል ቁጥር ያለባቸው ሁለት የዋሽንግተን ሰሌዳዎች መኪናው ሲፈታ በሲንሲናቲው ድርጅት ለመጣል ተለይተው ነበር። ከቆሻሻው ተርፈው በአንድ ቤተሰብ እጅ ለአሥርት ዓመታት ከቆዩ በኋላ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ለጨረታ ቀርበው በ100 ሺህ ዶላር ተሸጡ። ሰሌዳዎቹ ብቻቸውን፣ ሴክሬት ሰርቪስ ለመላው መኪና በዓመት ይከፍለው ከነበረው ኪራይ 200 እጥፍ አውጥተዋል።